ለፍሬሽ ገቢዎች፣ ለወላጆቻቸው እና ግቢ ውስጥ ላላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ

ሰሞኑን ስልኬ እረፍት የለውም። ምደባ ከወጣ ጀምሮ ልጆቹ ይደውላሉ፣ አባቶች ይደውላሉ፣ ስልክ የሌላቸው በጎረቤት ያስደውላሉ። «ቲቸር፣ ጅማ ደረሰኝ!» የሚል አለ። «ቲቸር፣ ሰመራ ማለት ያ በጣም የሚሞቀው አገር ነው?» የምትል አለች። ሁላችሁንም እንኳን ደስ አላችሁ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ይህን ረጅም ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለዚህኛው ስልክ አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ ስለሚመጣው ስልክ ነው።

ያኛው ስልክ ማታ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ዶርም ውስጥ ያለው ሰው ሲተኛ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። «ቲቸር፣ ደህና ነዎት?» ይላል። ደህና ነኝ እላለሁ። ዝም። «ቤተሰብ ደህና ነው?» ደህና ነው። ዝም። ሦስት አራቴ ደህንነት ከተጠያየቅን በኋላ «ልመጣ ነው» ይለኛል። ወዴት? ወደ ቤት። ለምን? «እንዲሁ፣ አልተመቸኝም።»

ይሄ «እንዲሁ» የሚለው ቃል ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ባለፉት ዓመታት ቀስ በቀስ ነው የገባኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ ኮሜንት ላይ ከመምጣቱ በፊት። እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። የተማርኩት መምህራን ኮሌጅ ነው፤ 7ኛና 8ኛ ሳስተምር ቆይቼ በመምህር እጥረት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የተዛወርኩ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም። አንድ ወዳጄ «አንተ ግቢ ሳትገባ ስለ ግቢ ትመክራለህ?» ብሎ ቀልዶብኛል። እውነቱን ነው። ግን ምን መሰላችሁ፣ ግቢ የገባ ሰው የሚያውቀው የራሱን ግቢና የራሱን ዘመን ነው። እኔ ደግሞ ከየግቢው የሚደወልልኝ ሰው ነኝ። ከድሬዳዋም፣ ከአርባ ምንጭም፣ ከወልቂጤም። አልጋው ላይ ባልተኛም ማን ተነስቶ እንደሄደ እሰማለሁ።

ደብተርም አለኝ። ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር። በየዓመቱ ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፉትን ስም እጽፍበታለሁ፣ ከጎኑ የደረሳቸውን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ አንድ ሰፊ ቦታ ባዶ እተዋለሁ። ባዶው ቦታ ላይ የሚጻፈው በኋላ የሚሆነው ነው። «2ኛ ዓመት ነርሲንግ»፣ «ተመረቀ»፣ «ዊዝድሮው ሞልታ ወጣች፣ በዓመቱ ተመለሰች» እያልኩ። አንዳንዱ ጋ እስካሁን ባዶ ነው።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚያንገበግበኝ ቁጥሩን ብቻ እዩት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በአገር ደረጃ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከ30 ተፈታኝ አንድ ማለት ነው። የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ያ አንድ ልጅ እንዴት እንደተገኘ እኔና ባልደረቦቼ እናውቃለን። የቅዳሜ ማጠናከሪያ፣ የሻማ ጥናት፣ ቤት ተከራይቶ ሽሮ እየሠሩ መማር። ያ ልጅ በ8ኛው ሳምንት «እንዲሁ» ብሎ ሲመለስ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

እንግዲህ ደብተሬ ላይ ካየሁት ልንገራችሁ። ተመልሰው የመጡት ልጆች ሰነፎች አይደሉም። እንዲያውም ብዙዎቹ እዚህ እያሉ አንደኛ ሁለተኛ ይወጡ የነበሩ ናቸው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ከአንደኛ ክፍል እስከ 12ኛ ክፍል ከክፍሉ ቀዳሚ የነበረ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በዙሪያው ያለው ሁሉ ከየትምህርት ቤቱ ቀዳሚ የነበረ ነው። እዚህ እኛ በእንግሊዝኛ ጀምረን በአማርኛ ነው የምናስረዳችሁ (ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አንደባበቅ)። እዚያ ሌክቸረሩ በእንግሊዝኛ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ ይጨርሳል፣ ስላይዱን ያሳልፋል፣ ይወጣል። የክፍል ኃላፊ መምህር የለም። «ለምን ቀረህ?» ብሎ ወላጅ የሚያስጠራ የለም። ከዚያ የመጀመሪያው ሚድ ይመጣል። ከ30 ዘጠኝ። ዕድሜውን ሙሉ ከ30 ሃያ ስምንት ሲያመጣ የኖረ ልጅ ዘጠኝ ሲያይ «ከበደኝ» አይልም። «እኔ ለካ ድሮም ጎበዝ አልነበርኩም» ነው የሚለው። ሻንጣው መሰብሰብ የሚጀምረው ያኔ ነው።

የሒሳብ መምህር ነኝና እስቲ ይሄን በቁጥር እንሥራው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር አምስት ኮርስ ወሰደ እንበል። እያንዳንዱ 3 ክሬዲት አወር፣ በድምሩ 15። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ ነው። ፕላስና ማይነሱን ለጊዜው ተዉት። አሁን ይሄ ልጅ ሒሳብ ላይ ኤፍ አገኘ፣ ሌሎቹ አራቱ ላይ ሲ። ስንት ይሆናል? አራት ሲ ማለት 4 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ2፣ 24 ነው። 24 ለ15 ሲካፈል 1.60። አደገኛ ነው። ከአራቱ ሲዎች ሁለቱን ወደ ቢ ቢያሳድግስ? 30 ለ15፣ ልክ 2.00። አያችሁ? ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ ወድቆ እንኳ ሁለት ቢ ያነሱታል። ሒሳብ ላይ ኤፍ መሆኑ ቀርቶ ዲ ቢሆን ደግሞ አንድ ቢ ብቻ ይበቃዋል። ዲ 3 ነጥብ፣ ሦስት ሲ 18፣ አንድ ቢ 9፣ ድምሩ 30። እንደገና 2.00።

ኤፍ ያለበትን ኮርስ በኋላ ደግሞ መውሰድ እንዳለበት አትርሱ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ግን ሌላ ጣጣ ነው እንጂ የዓለም መጨረሻ አይደለም። የሚገርመኝ ልጆቹ የሚያደርጉት ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ሒሳቡ ሲበላሽ ወይ ሁሉን ትተው ሒሳብ ላይ ብቻ ሌት ተቀን ይቸክላሉ፣ ወይ ሁሉንም ይተዉታል። በሁለቱም መንገድ እነዚያ የሚያድኗቸው ሁለት ቢዎች ያመልጣሉ። ሳይኮሎጂውን፣ ጂኦግራፊውን፣ ክሪቲካል ቲንኪንጉን «ቀላል ነው» ብላችሁ አትናቁ። ቀላል ከሆነ ኤ ይሁን!

ስንት ነጥብ ላይ ዋርኒንግ፣ ስንት ላይ ኤዲ እንደሚባል በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ላይ ተጽፏል። ከአንዱ ግቢ ሌላው ግቢ ይለያያል፣ ስለዚህ ከዶርም ወሬ አትስሙ፤ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ወይም የተማሪዎች መመሪያውን አግኝታችሁ ራሳችሁ አንብቡት። «1.9 ካመጣህ ያባርሩሃል» የሚል ወሬ ሰምቶ ፋይናል ሳይፈተን የመጣ ልጅ አውቃለሁ። በግቢው ሕግ እሱን የሚጠብቀው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር።

ሒሳቡን ራሱንም ቢሆን እንደ ጭራቅ አትዩት። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 እንደገና ከተጀመረ ወዲህ ያለውን የናቹራል ተማሪዎች የሒሳብ ሞጁል አይቼዋለሁ፤ አንድ ተማሪዬ በቴሌግራም ልኮልኝ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሎጂክና ሴት ነው። ሴት እኮ 9ኛ ክፍል ከእኔ ጋር የተማራችሁት ነው! ያው ዩኒየን፣ ያው ኢንተርሴክሽን። ቀጥሎ የቁጥር ሥርዓት፣ ፈንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይመጣል። አዲስ የሚሆንባችሁ ፍጥነቱና የማረጋገጫ አጻጻፉ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ፣ መኪና ላይ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ሞጁሉን ስልካችሁ ላይ ጫኑትና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጀምሩት። የ9ኛ ክፍል ደብተራችሁን የቆሎ መጠቅለያ ያደረጋችሁ ደግሞ መጥታችሁ ከእኔ ጋር እንድትከልሱ በሬ ክፍት ነው።

እነዚህ የጋራ ኮርሶች ሞጁላቸው በአገር ደረጃ የተዘጋጀ በመሆኑ አንድ ጥሩ ነገር አለው። ጅማ ያለች ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሰመራ ያለችውን ፍሬሽ በስልክ ልታስረዳት ትችላለች። መጽሐፉ ያው ነው። ይሄን ነገር አስታውሱት፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ስሙንና ግቢውን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል፣ «ለሌላው ይጠቅማል ካሉ ይጻፉት» ብሎ።

ከከተማችን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ካለ ቀበሌ የመጣ ልጅ ነው። ሲያልፍ አባቱ ወይፈን ሸጠው ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማና ትራንስፖርት አሟሉለት። ሄደ። በኅዳር መጨረሻ አብሮት የተማረ ልጅ «ቲቸር፣ እገሌ እኮ እዚሁ ነው» አለኝ። የት? አክስቱ ቤት። አባቱ ግን ግቢ ውስጥ እንዳለ ነው የሚያውቁት። ሲደውሉለት «ላይብረሪ ነኝ አባዬ፣ ቀስ ብለህ አውራኝ» ይላቸዋል። አባትዬውም እውነት ላይብረሪ ያለ ልጅ እንዳይረብሹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩታል።

ሄጄ አገኘሁት። ወፍጮ ቤት እህል እያወረደ ነበር፣ ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት ነጭቷል። ሲያየኝ ለመሸሽም ለመቆምም ግራ ገባው። ሻይ ጋበዝኩት። የሆነው ያው ነው፤ የሒሳብ ሚድ ከ30 ዘጠኝ። «የሌሎቹስ?» አልኩት። ሳይኮሎጂ 21፣ ጂኦግራፊ 24። «የእንግሊዝኛውስ?» «ሳይለጠፍ ነው የመጣሁት።» በአንድ ወረቀት ነው እንግዲህ ይሄ ሁሉ። ከላይ የሠራሁላችሁን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት ያን ቀን ነው፣ በሻይ ቤቱ ደረሰኝ ጀርባ ላይ። ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «ማንም እንዲህ አድርጎ አላሳየኝም» አለኝ።

ከዚያ ጠየቅኩት። «ግቢ ውስጥ አብረኸው የምታጠናው ሰው ማነው?» የለም። «ዶርምህ ውስጥ ስንት ናችሁ?» ስድስት። «ስማቸውን ንገረኝ።» የሁለቱን ነገረኝ። ሁለት ወር ሙሉ ስድስት ሆነው እየኖሩ ሁለት ስም! ቋንቋቸው የተለያየ ነው፣ እሱ ደግሞ ዓይን አፋር ነው። ምሳ ለብቻው፣ ላይብረሪ ለብቻው፣ ወደ ዶርም ሲመለስ መብራት ጠፍቷል።

ይሄን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለሚደውል ሁሉ እጠይቃለሁ። «የምታጠኚው ከማን ጋር ነው?» በደብተሬ ላይ ያየሁት ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው። ከተመለሱት ልጆች መካከል አብሯቸው የሚያጠና የአንድ ሰው ስም ቶሎ የነገረኝ የለም ማለት እችላለሁ። ውጤታቸው ዝቅ ብሎም የቆዩት ግን ሁሉም የሚጠሩት ስም አላቸው። ገንዘብም፣ ምግብም፣ ሙቀትም ሰው ያስመርራል፤ ከግቢ የሚያስወጣው ግን በምሬቱ ላይ ብቻ መሆን ሲጨመርበት ነው ባይ ነኝ። ሌላ ሰው ሌላ ይል ይሆናል፣ የእኔ ግምት ይሄ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። እዚያው ግቢ ሦስተኛ ዓመት ሲቪል ኢንጂነሪንግ የምትማር የእኔ የቀድሞ ተማሪ ነበረች። ከእሱ ጋር አይተዋወቁም። ደወልኩላት። በማግስቱ ትምህርት ክፍሉ ሄዳ ጠይቃ «ብዙ ቀን አልቀረም፣ ሌላ ሚድ አላመለጠውም፣ ቶሎ ይምጣ» አለችኝ። ትራንስፖርቱን እኔ፣ የባዮሎጂ መምህሩና የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነን ያዋጣነው። አዎ፣ ዘበኛው። ከሁላችን ቀድሞ ኪሱ የገባው እሱ ነው። ልጁ በወጣ በ11ኛው ቀን ተመለሰ። ልጅቷ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ተቀበለችው፣ ወደ ጥናት ቡድን አስገባችው። ሴሚስተሩን በሒሳብ ዲ፣ በሁለት ቢ፣ በሁለት ሲ ጨረሰ። 2.20፤ ሥሩት። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው። ሒሳብ አሁንም አይወድም። አባቱ እስካሁን ምንም አያውቁም፣ ፌስቡክም የላቸውም።

ሁሉም እንዲህ አያልቅም። ሌላ አንድ ልጅ ነበር፣ በተመሳሳይ ሁኔታ የመጣ። እኔ ስሰማ ወደ ዓረብ አገር በእግር ከሚሄዱት ጋር ተነስቷል። ከስሙ ጎን ምንም አልጻፍኩም።

በዚህ መሃል ግን በጣም መያዝ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፣ እባካችሁ ይሄን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከግቢ መውጣት የግድ ከሆነባችሁ፣ ብትታመሙ፣ ቤተሰብ ላይ ሐዘን ቢመጣ፣ ጭራሽ መቀጠል ቢያቅታችሁ፣ ዝም ብላችሁ ሻንጣ ይዛችሁ አትውጡ። ዊዝድሮዋል ፎርም ሙሉ። ሬጅስትራር ይሰጣችኋል፣ ቀነ ገደብ አለው፣ ቀኑ አካዳሚክ ካላንደሩ ላይ አለ። ከታመማችሁ የግቢው ክሊኒክ ወይም የሆስፒታል ወረቀት ይያያዛል። የወጣችሁበትን ክሊራንስ ጨርሳችሁ ኮፒውን ያዙ። በፎርም የወጣ ሰው የቆመበት ቦታ ይታወቃል፤ በጊዜው ሪአድሚሽን ጠይቆ ይመለሳል። ዝም ብሎ የጠፋ ግን የቀረበት ሁሉ ይቆጠርበታል፣ ያልተፈተነው ኤፍ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ተመልሶ ለመግባት ሲመጣ ማስረዳቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። በአራተኛው ሳምንት ታይፎይድ የያዛት ተማሪዬ በዚህ ነው የተረፈችው። የዶርም ጓደኛዋ ናት ፎርሙን አምጥታ አልጋዋ ላይ ያስሞላቻት። (አሁንም ስም! የዶርም ጓደኛ።) በዓመቱ ተመለሰች፤ ደብተሬ ላይ «ነርሲንግ» ተብሎ የተጻፈው የእሷ ነው።

ወላጆች፣ እናንተም አላችሁበት። በስልክ የምትጠይቁት «በላህ? ተሻለህ? ብርድ ነው?» ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው፣ ልጅ እናቱን አያስጨንቅማ። እስቲ ሌላ ጠይቁ። ዛሬ ከማን ጋር ምሳ በላህ በሉት። የዶርም ልጆችህ ከየት አገር ናቸው በሉት። አንዱን አገናኘኝና ሰላም ልበለው በሉት። አንዲት እናት አውቃለሁ፣ ጠላ እየሸጠች ልጇን የምታስተምር፣ የልጇን የዶርም ጓደኞች አንድ በአንድ በስም ትጠይቃለች። ልጅቷ «እማዬ እኮ ከእኔ ይልቅ እነሱን ነው የምትወደው» ትላለች። ያቺ ልጅ የትም አትሄድም።

ደግሞ እባካችሁ «አደራ፣ እንዳታዋርደን» ብላችሁ አትሸኙ። የምትሉት በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ከ30 ዘጠኝ ያመጣ ልጅ ስልክ ሊደውልላችሁ ሲያስብ ጆሮው ላይ የሚያቃጭለው ያ ቃል ነው። ከዚያ ለእናንተ ሳይደውል ለእኔ ይደውላል፤ የእኔ ስልክ ከሌለው ለማንም አይደውልም።

ገንዘብ። እዚህ ላይ ብዙ አላወራም፣ ሁሉም የቤቱን ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ። ብዙ ጊዜ ምዝገባው የሚሆነው ገና አዝመራው ማሳ ላይ እያለ ነው፣ ገበሬ እጁ ባዶ በሚሆንበት ወቅት። ያለው ሁሉ ለመሄጃው ያልቃል። ስለዚህ የሴሚስተር እረፍት ሲመጣ ልጁ ይበደርና ይመጣል፣ መመለሻ ያጣል፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ይቀራል። ከቻላችሁ የመመለሻውን ትራንስፖርት ከአሁኑ ለዩና ለሌላ ሰው አስይዙት። ካልቻላችሁ ለእረፍት ባይመጣ ይሻላል፤ እናት ቅር ይላታል፣ ግን ይሻላል። ግቢ ውስጥ ደግሞ የበጎ አድራጎት ክበብ አለ፣ የተማሪዎች ኅብረት አለ፣ ለሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታ ክፍል አለ። ሴቶች ልጆቼ፣ የንጽሕና መጠበቂያም ሆነ የኪስ ገንዘብ ወይም ቱቶሪያል ስትፈልጉ እዚያ መሄድ ልመና አይደለም፤ ቢሮው የተከፈተው ለእናንተ ነው።

በሬሜዲያል ለምትገቡት ለየት ያለ ቃል አለኝ። አንገታችሁን አትድፉ። እናንተ እንዲያውም አንድ ዕድል አላችሁ፤ ግቢውን፣ ላይብረሪውን፣ የካፌውን ሰልፍ ከፍሬሽነታችሁ በፊት ትለምዱታላችሁ። ከእኛ ልጆች በሬሜዲያል ገብታ ፍሬሽማን ላይ ከቀጥታ ገቢዎቹ የበለጠች አለች። ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፣ ትስቃለች አሁን ይሄን ስታነብ።

የሚያዝ ዕቃ ዝርዝር ለጠየቃችሁኝ፦ የዩኒቨርሲቲያችሁ ማስታወቂያ ላይ ያለውን ያዙ። ትራንስክሪፕትና ሰርተፊኬት ዋናውንም ኮፒውንም፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የስፖርት ልብስ። እኔ የምጨምረው ለሎከር ጠንካራ ቁልፍ፣ ባልዲና በሶ ነው። በሶው በዛ ይበል። ለአንድ ሰው የሚበቃ በሶ ሳይሆን ለስድስት ሰው የሚበቃ በሶ ያዙ፤ የመጀመሪያው ማታ ዶርም ውስጥ ጣሳውን ክፈቱና «ኑ ብሉ» በሉ። ቋንቋ ባትግባቡም በሶ ያግባባል። ከላይ የነገርኳችሁ ልጅ ሲመለስ አክስቱ ያስያዙት አንድ ፌስታል ሙሉ በሶ ነበር፣ የቀሩትን ሦስት ስሞች ያወቀው በዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ዘንድሮ ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፉት ሰባት ናቸው። ሁለቱ አብረው ነው የደረሳቸው፣ ለእነሱ ብዙም አልሰጋም። አምስቱ ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ናቸው፦ ጅማ፣ ሰመራ፣ ዲላ፣ አሶሳ፣ አርባ ምንጭ። አንዳቸውም ከዚህ በፊት ከዞናችን ወጥተው አያውቁም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የምፈልገው ብር አይደለም (ያለው ቢጨምር አልጠላም፣ ዘበኛችን አምና ከፍሏል፣ ዘንድሮ ተራው የሌላ ሰው ነው)። የምፈልገው ሰው ነው። በእነዚህ አምስት ግቢዎች ውስጥ ያላችሁ፣ ወይም እዚያ እህት፣ ወንድም፣ ጓደኛ ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሥራው ይሄ ነው፦ በገባ ቀን መቀበል፣ ሬጅስትራርና ላይብረሪ የት እንደሆነ ማሳየት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ሚድ ድረስ በሳምንት አንድ ቀን አብሮ ምሳ መብላት። ሚዱ ሲለጠፍ ደግሞ በዚያው ቀን መደወል፤ ያቺን ቀን አትዝለሉብኝ። ግቢያችሁ ሌላ ቢሆንም ሒሳብ ወይም ፊዚክስ በስልክ ማስረዳት የምትችሉ ጻፉልኝ፤ መጽሐፉ ያው ነው ብያችኋለሁ።

ጅማና አርባ ምንጭ እስካሁን ሰው ተገኝቷል። ዲላ አንድ ልጅ «እጠይቃለሁ» ብሎኛል። ሰመራና አሶሳ ገና ናቸው። የሰመራዋ ልጅ የመጀመሪያዋ ተጓዥ ናት፤ ሐሙስ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ እንሸኛታለን። እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ አንድ ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ብትሰጡኝ ወረቀት ላይ ጽፌ አስይዛታለሁ።